የእማማ ዲንቄ ካሴት

ባለፈው ሳምንት ከአልጋዬ ሥር የነበረውን የካሴት ካርቶን ጎትቼ ስከፍተው፣ ገና እጄን ሳልሰድ ሽታው ወጣ። ስለ ካሴት ሽታ ብናገር የዛሬ ልጆች የሚገባቸው አይመስለኝም። ፀሐይ ላይ የሰነበተ ፕላስቲክ፣ ትንሽ የብረት ዝገት፣ ትንሽም የናዝሬት አቧራ የተቀላቀለበት ነገር ነው። ከተማዋን አዳማ ማለት ከለመድን ቆይተናል፤ እኔም ለሰው አድራሻዬን ስነግር አዳማ ነው የምለው። ያ አቧራ ግን ለእኔ አፍንጫ ዛሬም የናዝሬት አቧራ ነው። ካርቶኑን የከፈትኩት ሐዊ የምትባል ልጅ ስለደወለችልኝ ነው። ሐዊ ወንጂ ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ የራሷም ልጆች ያሏት ሴት ናት፤ ለእኔ ግን ድሮ አብሮኝ ይሠራ የነበረው የቶሎሳ ልጅ ስለሆነች ልጅ እላታለሁ። «እትዬ ጥሩ» አለችኝ፣ «የድሮ ካሴት ኮምፒውተር ላይ መቅዳት ይችላሉ ሲሉ ሰማሁ። የአያቴ ድምፅ ያለበት ካሴት እርስዎ ጋ ነው አይደል?» «እኔ ጋ ነው» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ካርቶኑን ሳልነካ አደርኩ።

በዚህ ዕድሜሽ ኮምፒውተር ማን አስተማረሽ የሚሉኝ አሉ። ልጄ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ትልቁን ኮምፒውተሩን ትቶልኝ ሄደ። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ሲለኝ በኢንተርኔት የድሮ ዘፈን መስማት ጀመርኩ። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ዘፈኑም አብሮ ይጠፋል። ለምን አልቀዳውም ብዬ ልጄን ስጠይቀው፣ ገንዘብ የማይከፈልበት፣ ማንም አውርዶ የሚጭነው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም እንዳለ ነገረኝና በስልክ እየመራ አስጫነኝ። መጀመሪያ ቀን ዘፈኑን ከፍቼ ቀዩን ምልክት ተጫንኩ። በኋላ መልሼ ስሰማው ዘፈኑ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ከሩቅ ይሰማል፤ ከላዩ ላይ የባጃጅ ጡሩምባ አለ፣ የጎረቤት ዶሮ አለ፣ «ኧረ ይሄ ነገር እየቀዳ ነው?» የሚል የእኔው ድምፅ አለ። ልጄ ሳቀብኝ። «እማ፣ በማይክሮፎኑ በኩል ከክፍሉ ነው የቀዳሽው። ድምፁ ከየት እንዲገባ የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ማይክሮፎኑን ተይና የኮምፒውተሩን የራሱን ድምፅ ምረጪ» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ዘፈኑ ጥርት ብሎ፣ ዶሮም ባጃጅም ሳይነካው ገባ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተነሥቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። በእኛ ጊዜ ይህንኑ ነገር «በገመድ» እና «በአየር» እንለው ነበር፤ ገመድ የሚለው ቃል ደግሞ ለእኔ ቀላል ቃል አይደለም።

ያኔ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ደግ ሰው ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። እሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ካሴት ሊያመጡ በባቡር ድሬዳዋ ይመላለሳሉ፤ ሱቁን የምንይዘው እኔና ቶሎሳ ነበርን። ሁለታችንም ሃያዎቹን ገና የጀመርን ነን። ግድግዳው የእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለጠፈበት ሆኖ በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ሁለት ካሴት መቅጃ ዴክ፣ አንድ ትልቅ ሬዲዮ፣ በር ላይ ደግሞ ከሰው ደረት የሚደርስ ስፒከር። ባዶ ካሴት ሰባት ብር ነበር፤ ባለ ዘጠና ደቂቃው ትንሽ ይጨምራል። ሰው የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች ይነግረናል፣ እኛ እየመረጥን እንቀዳለታለን። ገንዘብ ያለው ባዶውን ይገዛል፣ የሌለው የቤቱን አሮጌ ካሴት ያመጣና በላዩ ላይ እንቀዳለታለን። የፈረስ ጋሪው ቃጭል፣ ከወንጂ ሸንኮራ ጭኖ የሚመጣው ሰው ጥሪ፣ የፓፓያ ሻጮቹ ጭቅጭቅ፣ ይህ ሁሉ ከበሩ ሲገባ ስፒከሩን ከፍ እናደርገዋለን። በጋሪ ከጣቢያው እስከ ቤቴ ስሙኒ ነበር። የጊዜው ሱሪ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጥብቅ ያለ፤ ፀጉሩ ጎፈሬ። የቶሎሳ ጎፈሬ ማዳመጫውን ሲያጠልቅ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ሁለት ኮረብታ ይሆን ነበር፤ በዚያ ስንስቅ እንውላለን። በፍቅር የተያዝን የሚመስላቸው ነበሩ። አልነበርንም። ምናልባት ጊዜ ቢሰጠን እንሆን ነበር፤ አላውቅም፣ ይህን እንኳ የማወቅ መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ጆሮ ያለው እሱ ነበር። እኔ ዴኩ ላይ ያሉትን ሁለት መርፌዎች አይቼ ነው ድምፅ የማስተካክለው፤ መርፌው ቀዩን ከነካ እቀንሳለሁ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ «ጥሩ፣ የግራው በዝቷል» ይለኛል። አብዛኛው ሰው ዘፈን ከሬዲዮ የሚቀዳው ቴፑን ከሬዲዮው ፊት አስቀምጦ ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ እስትንፋሱን ይዞ፣ ሕፃን ሲያለቅስ እየተቆጡ። ያ ነው «በአየር»። እኛ ግን ከሬዲዮው ወደ ዴኩ በቀጥታ የሚገባ ገመድ ነበረን። ደንበኞቻችን መጀመሪያ የሚጠይቁት «በገመድ ነው አይደል?» ብለው ነው። ኦሮምኛ ዘፈን ሲመጣ ቶሎሳ ግጥሙን ለእኔ በአማርኛ ይተረጉምልኛል፣ እኔ የካሴቱን ልባስ እጽፋለሁ። እኔ አባቴ ከደብረ ብርሃን ለሥራ ተዛውሮ በልጅነቴ ያመጣኝ ነኝ። በዚያ መንገድ ኦሮምኛ መስማት ቻልኩ፤ አፌ ግን አይፈታም ነበር። ስናገር ይስቁብኛል ብዬ ስለማፍር ከቶሎሳ በቀር የምሰማ መሆኔን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ የአድማጮች ምርጫ የሚተላለፍበት ቀን ስለሆነ ብዙ ሰው አስቀድሞ አዝዞናል። እኩለ ቀን ላይ ገመዱን ስንሰካው ድምፁ በአንድ በኩል ብቻ ይመጣል፤ ጫፉ ላይ ተቆርጧል። ፖስታ ቤቱ አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው አለ፤ በስታኞ በይዶ ይመልስልናል። ከሱቁ ወጥቶ የመላላክን ሥራ በተራ ነበር የምንሠራው፤ የዚያን ቀን ተራው የእኔ ነው። ግን በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበረ። ጠዋት ፀጉር ቤት ሄጄ ቢጎዲን ተጠቅልዬ፣ ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጬ፣ ጆሮዬ እስኪቀላ ተሠርቼ መጥቻለሁ። ውጪ ነፋስ ነው። የናዝሬት ነፋስ ሲነሣ መንገዱን ሙሉ አቧራ ይዞ ነው የሚነሣው፤ ከጣቢያው እስከ ፖስታ ቤት ብሄድ ፀጉሬ ምን እንደሚሆን ታወቀኝ።

«ቶሌ፣ ዛሬ አንተ ሂድልኝ» አልኩት።

«ተራው የማን ነው?»

«የእኔ ነው። ግን እየው እስቲ ፀጉሬን። ነገ ሰርግ አለብኝ።»

ዞሮ አየኝ። «ቆንጆ ሆነሻል፤ አቧራ አይንካሽ» አለና ገመዱን ጠቅልሎ ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተተው። ከበሩ ሲወጣ ነፋሱ ሸሚዙን ሞላው። «ሬዲዮው ከመጀመሩ በፊት እመለሳለሁ፤ ከዘገየሁ በአየር ቅጂው!» አለኝ።

ዘገየ። ፕሮግራሙ ጀመረ፣ እኔም ተናድጄ ቴፑን ከሬዲዮው ፊት አስቀምጬ በአየር ቀዳሁ። የምበሳጭበት ነገር የደንበኞቹ ካሴት መበላሸቱ ነበር፤ ያን ስሜቴን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፣ ተመልሶ ሲመጣ ምን ብዬ እንደምቆጣውም አዘጋጅቼ ነበር። ዘፈኑ ገና ሳያልቅ አንድ ጋሪ ነጂ በሩጫ መጥቶ «ሱቁን ዝጊ፣ ፖስታ ቤት ጋ አፈሳ ነው!» አለኝ። የዚያን ጊዜ ሰው አፈሳ ሲባል ማብራሪያ አይፈልግም። ወጣት ወንድ መንገድ ላይ ተይዞ ለውትድርና የሚላክበት ጊዜ ነው። ሁለቱንም የመንገዱን ጫፍ ዘግተው ከመሐል የተገኘውን ሁሉ በመኪና ጭነዋል። ሴት አልነኩም። ይህን ነገር ያን ዕለትም አሰብኩት፣ ዛሬም አስበዋለሁ፦ ሴት አልነኩም። እኔ ብሄድ ኖሮ አቧራ ለብሼ፣ ገመዱን ይዤ እመለስ ነበር።

እናቱ እማማ ዲንቄ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ሰፈሩ አዴ ዲንቄ ይላቸዋል። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ያንኑ ዕለት ሄጄ ነገርኳቸው። አልደበቅኩም። «ተራው የእኔ ነበር፤ ፀጉሬን ተሠርቼ ስለነበር እሱን ላክሁት» አልኳቸው፣ እዚያው በራቸው ላይ ቆሜ። ለረጅም ጊዜ ፀጉሬን አዩት። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና «ጥፋትሽ አይደለም ልጄ፤ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት የተያዙት የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ናቸው ተብሎ አብረን ሄድን። እናቶች በሶና ዳቦ ይዘው አጥሩን ከበውታል። ቶሎሳ በሽቦው ቀዳዳ ሲያየን ሰው እየገፋ መጣ። ሸሚዙ ተቀዷል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ ተነጋገሩ፤ አይዞሽ አላቸው፣ ላሚቱን እንዳይሸጡ ነገራቸው። እኔ ከኋላ ቆሜአለሁ። ምን ብዬ እንደምጠጋ አላውቅም። እሱ ራሱ ጠራኝ።

«ጥሩ! ነይ እንጂ።»

ተጠጋሁ። ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ ገመዱን አወጣና በሽቦው ቀዳዳ አሾልኮ ሰጠኝ።

«ተሠርቷል። ከበያጁ ወጥቼ ጥቂት እንደተራመድኩ ነው የያዙኝ። ሁለቱም በኩል ይሠራ እንደሆነ ሞክሪው።»

«ቶሌ፣ እኔ ነኝ መሄድ የነበረብኝ» አልኩት።

ጠባቂው «በቃ! ተመለሱ!» እያለ በዱላው ሽቦውን መታ። ቶሎሳ የመለሰልኝን አልሰማሁም። አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ሰርጉ ሄድኩ። ይህን መናገር ይከብደኛል፤ ግን ሄድኩ። እናቴ ሰው ምን ይላል አለችኝ፤ ሚዜ ነበርኩ፤ ቀሚሱ ተሰፍቷል። ጨፈርኩም። ፀጉሬ አልተበላሸም ነበር፤ ሁሉም ሰው እንዴት አማረብሽ አለኝ።

ሰኞ ገመዱን ሰካሁት። ሁለቱም በኩል ይሠራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በአእምሮዬ ውስጥ እርስ በርሱ ይምታታብኛል። ጋሽ ሰይድ ሌላ ሠራተኛ አልቀጠሩም፤ «ቦታው የቶሎሳ ነው» አሉ። የጨርቅ ዋጋ ወጣ፣ ሰፊው ሱሪ ቀረ፣ ጎፈሬም ቀስ እያለ ከከተማው ጠፋ። አንዳንድ ጊዜ በፈቃድ የሚመጣ ወታደር ወሬ ያመጣልናል፤ ሰሜን ነው ያለው፣ ደኅና ነው። እማማ ዲንቄ መጻፍ አይችሉም ነበር። ስለዚህ እኔ በየጥቂት ወሩ ትንሿን ቴፕ ይዤ ቤታቸው እሄድና ለልጃቸው የሚልኩትን መልእክት እቀዳላቸው ነበር። የዚያን ጊዜ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ለእኔ ግን ሥራ አልነበረም፣ ንስሐ ነው የመሰለኝ። አንዱን ካሴት ለሚሄደው ወታደር እሰጣለሁ፣ ቢጠፋ እንዲተርፍ ቅጂውን እኔ ጋ አስቀራለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ «የእናቴ ድምፅ ደረሰኝ፤ ቴፕ ያለው መኮንን አሰማኝ» የሚል ቃል በወታደር አፍ መጣልን። የዚያን ዕለት እማማ ዲንቄ እጄን ሳሙኝ።

የመጨረሻውን የቀዳነው ከክረምቱ በኋላ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ፣ ከግራር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ አጠገባቸው ሰሌን ላይ ሆኜ ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው ይዤአለሁ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት «አካም ጅርታ፣ ኢልመ ኮ» ብለው ጀመሩ፤ እንዴት ነህ ልጄ ማለታቸው ነው። ላሚቱ መውለዷን ነገሩት። ዝናቡ ጥሩ እንደነበረ፣ አጎቱ ሁሩታ መሬት እንደተሰጠው፣ የጎረቤት ልጅ እንዳገባች ነገሩት። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ ፊታቸው ላይ ያለው ፈገግታ ሳይጠፋ፣ ስለ እኔ መናገር ጀመሩ። በኦሮምኛ፣ እኔ የምሰማ ሳይመስላቸው፣ እንዲህ ነበር ያሉት፤ ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

«ይቺ ልጅ አሁንም አጠገቤ ተቀምጣለች። በሩ ላይ ስትቆም አንተ ከኋላዋ የምትገባ ይመስለኛል። አትገባም። ሰው ሁሉ ጥፋቷ አይደለም ይለኛል፤ ለእሷም እንደዚያው እላታለሁ። ልቤ ግን እምቢ አለኝ። ለፀጉሯ ብላ ላከችህ። ለፀጉሯ! ፊቷን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። ማሽኑ የእሷ ባይሆን ደጄን እንዳትረግጥ እነግራት ነበር። ድምፄን ለአንተ የሚያደርስልኝ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው የምስቅላት።»

ይህን እየተናገሩ በግራ እጃቸው ጉልበቴን ቸብ ቸብ ያደርጉኝ ነበር፤ ስለ እኔ ደግ ነገር እያወሩ እንደሆነ እንዲመስለኝ። እኔም ምንም እንዳልገባኝ ሆኜ ፈገግ አልኩላቸው። ማይክሮፎኑንም አላራቅኩትም። ልናደድ ፈልጌ ነበር፤ የምናደድበት ነገር አጣሁ። አንድም ውሸት አልተናገሩም። እንዲያውም ከዚያ በፊት «ጥፋትሽ አይደለም» ሲሉኝ የነበረው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ሲጨርሱ በአማርኛ «በቃኝ ልጄ፣ ዝጊው። ነይ ምሳ ብዪ» አሉኝ። «ቸኩያለሁ እማማ» ብዬ ወጣሁ። ካሴቱን ከነቃሉ ላክሁት። የቶሎሳ ጦር ክፍል ቦታ ለውጦ ነበርና ወታደሩ ከጊዜ በኋላ መልሶ አመጣልኝ። እማማ ዲንቄ ግን የዚያኑ ዓመት ወባ ያዛቸው። እኔ በሞጆ በኩል ለሥራ ወጥቼ ስመለስ ተቀብረዋል። ካሴቱ አለመድረሱን ሳይሰሙ ሞቱ። እኔ ለዚያ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴ ደግሞ ሌላ ጸጸት ሆነብኝ።

መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ወታደሩ ሁሉ በየመንገዱ ወደ ቤቱ ሲጎርፍ፣ እኔ በየቀኑ ከሱቁ በር ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ፊት አይ ነበር። ቶሎሳ የመጣው ሁሉም ካለፈ፣ እኔም መቆም ከተውኩ በኋላ ነው። ከሞጆ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወርዶ በቀጥታ ሱቁ መጣ። ካኪው ነጥቷል፤ ጎፈሬው የለም፤ ግንባሩ ሸሽቷል። «ቶሌ!» ብዬ ዘልዬ አቀፍኩት። በጆሮው ላይ እያለቀስኩ ስንት ነገር አወራሁ። ቀስ ብሎ ከራሱ አላቀቀኝና አፌን ማየት ጀመረ። ያኔ ነው የገባኝ።

«መድፍ ነው» አለኝ። ድምፁ በጣም ትልቅ ነበር፤ መንገድ የሚያልፈው ሰው ዞረ። «ከመድፍ ምድብ ጋር ነበርኩ። ሁለቱም የሉም።»

የእናቱን ሞት ሰፈር ሳይደርስ ሞጆ ላይ ሰው ነግሮታል። ተቀመጥ ሳልለው ተቀመጠ፣ በድሮ ቦታው። «የቀዳችልኝ ነገር አለ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። «አጫውቺው። አንቺ እየሰማሽ ጻፊልኝ። ኦሮምኛ አስተምሬሽ የለ?» ብሎ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

የመጨረሻውን ካሴት ዴኩ ውስጥ አስገባሁ። ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ላሚቱን ጻፍኩ፣ ዝናቡን ጻፍኩ፣ የሁሩታውን አጎት ጻፍኩ፤ እሱ በትከሻዬ ላይ ያነባል። ያ ቦታ ሲደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። እማማ ዲንቄ በዚያ በተረጋጋ ድምፃቸው «ይቺ ልጅ አሁንም አጠገቤ ተቀምጣለች» ይላሉ። ካሴቱ ያለቀ ለማስመሰል ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁት። ቶሎሳ ግን ወረቀቱን አላየም። ዴኩን ነው የሚያየው። ሁለቱ መርፌዎች ከፍ ዝቅ ይላሉ።

«መርፌው እየሄደ ነው» አለኝ። «እናቴ እያወራች ነው። ጻፊ።»

መልሼ አጠንጥኜ ጻፍኩ። ሁሉንም። ለፀጉሯ የሚለውን ሁለት ጊዜ፣ እሳቸው ሁለት ጊዜ ስላሉት። ሲያነብ ፊቱን አላየሁም፤ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን መጋረጃ ነው ያየሁት። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እኔም እንደዚህ እል ነበር» አለኝ፣ ያው በዚያ በትልቁ ድምፁ። «የመጀመሪያውን ዓመት። አንቺን እየረገምኩ ነበር የምተኛው።»

ወረቀት ላይ «አሁንስ?» ብዬ ጻፍኩለት።

አነበበው። «አሁን ደክሞኛል፣ ጥሩ» አለኝ።

ይኸው ነው። ይቅርታም አላለኝ፣ ጠላሁሽም አላለኝ። ካሴቱን ስሰጠው «አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ እኔ ምን አደርገዋለሁ» አለ። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ገባ፤ ሌላው ሰው ጆሮውን የሚይዝበት ማሽን አጠገብ ነበር የሚሠራው። አገባ፣ ሐዊን ወለደ። ሰርጉ ላይ ጠራኝ፣ ሄድኩ። ባሌ ሲሞት መጥቶ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ሰው ይህን አይቶ ያለፈው አልፏል ሊል ይችላል። እኔም እንደዚያ ማለት እፈልጋለሁ። ነገር ግን ቆንጆ ዜማ በሰማሁ ቁጥር፣ በተለይ የግራና የቀኙ ድምፅ እኩል ሆኖ ሲገጥም፣ እሱ የማይሰማውን ነገር የእሱን ድርሻ ጨምሬ የምበላ ይመስለኛል። ገንዘብ የማይከፈልበትን ፕሮግራም ጭኜ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ቤቴን ሲሞላው በረንዳ ላይ የወጣሁት ለዚህ ነው።

ባለፈው እሑድ አባትና ልጅ ከወንጂ መጡ። ቶሎሳ ሸምግሏል፤ ከዘራ ይዟል። ኮምፒውተሩ ፊት ሦስት ወንበር ደርድሬ፣ የጋሽ ሰይድ ልጆች ሱቁ ሲዘጋ የሰጡኝን አሮጌ ዴክ ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ አገናኘሁት። ሐዊ ነገሩን ማወቅ ስለምትፈልግ እየነገርኳት ሠራሁ፤ ድምፁ የሚገባበትን መረጥኩ፣ ከፍታውን አስተካከልኩ፣ ቀዩን ተጫንኩ። የእናቱ ድምፅ ማያው ላይ እየተዘረጋ እንደ ተራራ ሰንሰለት ሲሄድ ቶሎሳ መነጽሩን አውልቆ ጠጋ አለ። ሐዊ አያቷን በሕይወት አላገኘቻቸውም። «አካም ጅርታ፣ ኢልመ ኮ» ሲሉ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ላሚቱ ላይ ሳቀች። የጎረቤት ልጅ ማግባቷ ሲነገር «ይቺማ የእናቴ እህት ናት!» አለች።

ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። አላስጠነቀቅኳትም። ኦሮምኛ አፍ መፍቻዋ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ሲገባት ከፊቷ አየሁ። «ያቁሙት፣ ያቁሙት እስቲ» አለችኝ። ዴኩንም ፕሮግራሙንም አቆምኩ።

«እትዬ ጥሩ፣ ይሄ ስለ እርስዎ ነው?»

«አዎ።»

«እርስዎ ነበሩ የሚቀዱት? አጠገባቸው ሆነው?»

«ማይክሮፎኑን ይዤ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ማያውን አየች። «ይህን ቦታ ብቻ መቁረጥ ይቻላል አይደል?»

«ይቻላል።»

«ምልክት አይተውም?»

«አይተውም። ከፊቱና ከኋላው ገጥሞ አንድ ይሆናል፤ ማንም አያውቅም።»

«ታዲያ ይቁረጡት። ልጆቼ ይህን ለምን ይሰማሉ? እርስዎ ስንት ነገር ያደረጉልን ሰው ነዎት።»

እውነቱን ለመናገር፣ እጄ ማውሱ ላይ ነበር። እንዴት እንደሚቆረጥ አውቃለሁ፤ ከምንም ነገር በላይ ቀላሉ እሱ ነው። እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ያህል ዓመት ተሸክሜው፣ አሁን በአንድ ጣት ማውረድ የሚቻል መስሎ ታየኝ። «አባትሽን ጠይቂው» አልኳት፣ በግድ።

ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየችው። ቶሎሳ መነጽሩን መልሶ አደረገና አነበበ። ስልኩን ለልጁ መለሰላት። እኔን አየኝ፤ በአጥሩ ሽቦ በኩል ካየኝ ወዲህ እንደዚያ ትክ ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ በሰፈሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፁ፦

«እናቴ ስትናገር ማንም አቋርጧት አያውቅም» አለ። «ይቀጥል።»

ቁልፉን ተጫንኩት። እማማ ዲንቄ ካቆሙበት ቀጠሉ፤ እኔም ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው።